የጎመኑን ትል ከመርጨትሽ በፊት እግሩን ቁጠሪ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ ጓሮዬ ውስጥ የተከልኩትን የሐበሻ ጎመን ሁለት ሴንቲ የማይሞላ ጥቁር ትል ጨረሰብኝ። ስነካው ተጠቅልሎ መሬት ይወድቃል። ሰው መክሮኝ ቢቲ የሚባለውን ከባክቴሪያ የሚሠራ የትል መድኃኒት ረጨሁ፣ ምንም አልሆነም። ፎቶውን የስልኬ መተግበሪያ ላይ ሳስገባው ‹የበርች ሶፍላይ› አለኝ። ምን ልርጭበት?»

አብሽሪ እህቴ። ለጊዜው ምንም አትርጪ።

መተግበሪያው የሳተው ግማሹን ነው። በርች የብርድ አገር ዛፍ ነው። ደሴ ብርድ አያጣትም፣ ጦሳ ተራራ ላይ ግን በርች አይበቅልም። በርች ከሚበሉት ሶፍላዮች ትልቁ፣ ሲምቤክስ ፌሞራተስ የሚባለው፣ አገሩ አውሮፓና ሰሜን እስያ ነው። ትሉ እስከ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ አረንጓዴ ሆኖ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር አለው። ያንቺን ጎመን ዞር ብሎም አያይ።

«ሶፍላይ» ያለው ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም። ሶፍላይ የንብና የተርብ ዘመድ ነው። ሴቷ ጭራዋ ላይ ባለ ትንሽ መጋዝ ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን ውስጡ ትከታለች። ሰው አትነድፍም። ቢቲውም ያልሠራው ለዚህ ነው፦ ለጎመን ትል የሚሸጠው የተለመደው ቢቲ የሚገድለው የቢራቢሮና የእሳት ራት ትል ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቀው፣ አንድ ትል ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊ። በዚያ ሰዓት ብዙ አይንቀሳቀስም። ማጉያ መነጽር ከሌለሽ የስልክሽ ካሜራ ይበቃል። ከራሱ ቀጥሎ ሦስት ጥንድ ሹል እግር ታያለሽ፤ እነሱ የእሳት ራት ትልም ላይ ስላሉ ተያቸው። ቁም ነገሩ ሆዱ ሥር ያሉት ድቡልቡል እግሮች ናቸው። የቢራቢሮ ወይም የእሳት ራት ትል ቢበዛ 5 ጥንድ ነው ያለው። 6 ጥንድና ከዚያ በላይ ከቆጠርሽ ሶፍላይ ነው። የጎመኑ 8 ጥንድ አለው፤ ከሹሎቹ ጋር በድምሩ 22 እግር። መቁጠር ከሰለቸሽ ዓይኑን እይ። ሶፍላይ በየጎኑ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ የእሳት ራት ትል ግን በየጎኑ ጥቃቅን ዓይኖች ተደርድረውበታል።

አረንጓዴ ሆኖ ስትነኪው እየተወራጨ ወደ ኋላ የሚሸሽ፣ በክር የሚንጠለጠል ካገኘሽ እሱ የእሳት ራት ልጅ ነው። ቢቲው እሱ ላይ ይሠራል።

ከነገርሽኝ ስነሳ ያንቺው አታሊያ ከሚባለው የሶፍላይ ወገን ነው። ጎመን፣ ጎመንዘርና ሰናፍጭ ነው ምግቡ። ከዚያ ወርዶ ዝርያውን ከትሉ ብቻ መጥራት ግን ድፍረት ነው፣ እኔም አልደፍረውም። ማወቅ ካማረሽ ጥቂቱን እርጥብ አፈር ካለው ማሰሮ ውስጥ ክተቺና በየቀኑ ትኩስ ቅጠል እየሰጠሽ አፉን በነጠላ ጨርቅ እሰሪ። ከሳምንታት በኋላ ጥቁር ራስና ብርቱካናማ ሆድ ያላት ባለ ክንፍ ትወጣለች። ዝርያ የሚለዩ ሰዎች ከዚያ የሴቷን መጋዝ ጥርስ በማይክሮስኮፕ ነው የሚያዩት።

ለጓሮ ጎመን ይሄ ሁሉ አያስፈልግሽም። መውደቅ ይወዳል አይደል? ሥሩ ላስቲክ ዘርግተሽ ጎመኑን ነቅነቅ አድርጊና የወደቀውን የሳሙና ውኃ ውስጥ ድፊው። በየጠዋቱ ደጋግሚው። በአጥሩ ሥር የበቀለ ሰናፍጭ መሳይ አረም ካለ ንቀዪ፣ መጠለያው ነው። ትሉ አድጎ ሲጨርስ አፈር ውስጥ ገብቶ ራሱን ጠቅልሎ ነው ክንፍ የሚያወጣው። ስለዚህ ጎመኑን ከነቀልሽ በኋላ መሬቱን ገልብጪና ዶሮ ካለሽ ልቀቂበት።