ዎከር ሥራ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

ጥያቄ፦ ሪፐብሊካኖች የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የቀድሞ ገዥ ስኮት ዎከር ሥራ አበዛ ይላሉ፣ ዴሞክራቶች አጠፋ። ማነው የሚዋሸው?

መልስ፦ የሚገርመው ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነው የሚጨቃጨቁት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰውየውን ከሥልጣን ለማውረድ ምርጫ ሲጠራ ዴሞክራቶች የያዙት ወርሃዊውን የናሙና ጥናት ነበር፤ ጥናቱ ሥራ ቀንሷል ይላል። ዎከር ደግሞ ቀጣሪዎች ለሥራ አጥ መድን ከሚያቀርቡት ሪፖርት የሚሠራውን ቆጠራ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ አወጣና “ኧረ ጨምሯል” አለ። ቆጠራው ይዘገያል እንጂ ሁሉንም ቀጣሪ ያካትታል ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ እኔ ቆጠራውን አምናለሁ። ግን ቆይ፣ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመኔ 250,000 የግል ዘርፍ ሥራ ይፈጠራል ብሎ ቃል የገባውም ራሱ ዎከር ነው፤ ገና ግማሹ አካባቢ ሲደርስ አራቱ ዓመት አለቀ። (የ2012ቱን ምርጫ ግን አሸንፏል።)