ሴስና 172 ሲያርፍ ለምን ይነጥራል?

ሴስና 172 የተባለውን ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከሚያበር ሰው የመጣው ጥያቄ «ጎማው መሬት እንደነካ ይነጥራል፤ አፍንጫውን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ብሶበት ይነሳል፤ ምን እያጠፋሁ ነው?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ፦ መሪውን አትግፋ። ጥፋቱ ግን ቀደም ብሎ፣ ለማረፍ እየወረድክ ሳለ በያዝከው ፍጥነት ይጀምራል።

172ኤስ የተባለው ሞዴል ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሙሉ ወርዶ 65 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ይበቃዋል። «ለጥንቃቄ» ተብሎ በ75 ሲመጣ የአውሮፕላኑ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። አውሮፕላኑ አልወርድ ብሎ መንደርደሪያው ላይ ይንሳፈፋል። አስፋልቱ እያለቀ ሲሄድ አብራሪው ይጨንቀውና ክንፉ ገና ተሸክሞት ሳለ በግድ ሊያስቀምጠው ይሞክራል። ያኔ አፍንጫው ዝቅ ስለሚል ቀድሞ የሚመታው የፊት ጎማው ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ይወረወራል፣ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበት አንግል ይሰፋል፣ አውሮፕላኑም መልሶ ይበራል። ጎማውን የሚወቅሱ አሉ፤ ዋናው አንጣሪ ግን ክንፉ ነው።

አብራሪው አፍንጫው ሲነሳ አይቶ ይገፋል። አይቶ እስኪገፋ፣ አውሮፕላኑም እስኪታዘዝ ጊዜ ያልፋል፤ አፍንጫው የሚደፋው አውሮፕላኑ ራሱ መውረድ ሲጀምር ነው። ሁለቱ ተደምረው የፊት ጎማው ከበፊቱ በባሰ ኃይል ይመታል። በዚህ አያያዝ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ንጥረት ላይ የጎማው እግር ቢታጠፍ አይገርምም። 172 ላይ እግሩ ቢተርፍ እንኳ የታሰረበት ፋየርዎል (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ሊጨማደድ ይችላል፤ የሞተሩ ሽፋን ተከፍቶ ካልታየ ጉዳቱ ሊያመልጥ ይችላል። ፕሮፔለሩ አስፋልት ከነካ ደግሞ ጫፉ ብቻ ቢጎብጥም ሞተሩ ሳይመረመር አይበረርም፤ ላይካሚንግ የተባለው ኩባንያ ሞተር ከሆነ የክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ጊር ይታያል፣ ማሰሪያ ብሎኑም ይቀየራል።

አንድ ሁለት ጫማ ብቻ ከነጠረ አፍንጫውን በማረፊያ አቋሙ ያዘው፣ ትንሽ ትሮትል (የሞተር ኃይል መስጫ) ጨምርና መልሶ ይቀመጥ። ከዚያ ከፍ ካለ ወይም ከደገመ ማረፉን ትቶ እንደገና ተነስቶ መዞር ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ትሮትል ሙሉ። የካርቡሬተር ማሞቂያ ያለው ሞተር ከሆነ ማሞቂያውን ዝጋ። ፍላፕ ወዲያው ከ30 ወደ 20 ዲግሪ፤ በ60 ኖት መውጣት ሲጀምር ወደ 10፤ ቀሪው በቂ ከፍታ ላይ። በአንዴ ወደ ዜሮ የመለሰው ሰው መልሶ መሬት ላይ ይወድቃል። ለማረፍ የተስተካከለው ትሪም (አፍንጫውን በአንድ አቋም የሚያቆይ ማስተካከያ) ሙሉ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫውን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ እዚህ ጋ መግፋት ግድ ነው፣ አለዚያ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ይከተላል። ወደ ግራም ስለሚጎትት ቀኝ ፔዳል አትርሳ።

ነፋሱ 12 ኖት ሆኖ እስከ 20 የሚመታ ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 4 ኖት፣ በማረፊያ ፍጥነቱ ላይ ጨምር። 10 ኖት መጨመር የለመደ ብዙ ነው፤ ንጥረቱም ከዚያ ይመጣል።

መሬት ስትቀርብ ዓይንህን ከአፍንጫው ስር ካለው አስፋልት አንስተህ ወደ መንደርደሪያው ማዶ ጫፍ አድርግ፤ ቅርብ የሚያይ ሰው ከፍታው ይምታታበታል። ትሮትሉን ዘግተህ፣ አውሮፕላኑ ሊወርድ ባለ ቁጥር መሪውን ጥቂት ጥቂት ሳበው። የስቶል ማስጠንቀቂያው መጮህ ሲጀምር አካባቢ ዋናዎቹ ጎማዎች ይነካሉ። መሪውን ያን ጊዜም አትልቀቀው፤ የፊት ጎማው ፍጥነቱ ሲሞት በራሱ ቀስ ብሎ ይውረድ።