ስለ ልጆችና ቡሊሚያ የጠየቃችሁኝ፦ ጥያቄና መልስ

በአመጋገብ ችግር ከሚታከሙ ልጆች ጋር ነው የምሠራው። ቡሊሚያ ማለት ከመጠን በላይ በልቶ ከዚያ በማስመለስ፣ በመጾም ወይም በመሳሰለው ለማካካስ መሞከር የሚደጋገምበት ሕመም ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ በልታ እንደጨረሰች ሽንት ቤት ትገባለች። ክብደቷ ግን ደህና ነው። ልጠርጥር?

መልስ፦ አዎ እህቴ። ቡሊሚያ ያለባቸው ብዙዎቹ ስለማይከሱ ነው ቤተሰብ ሳያውቅ የሚቆየው። ጉንጯ በጆሮዋ ስር ካበጠ ወይም ምግብ በድብቅ እየጠፋ ከሆነ ጥርጣሬሽ ይጠንክር። አታፋጥጫት። «ከምግብ በኋላ ስትጨነቂ አያለሁ፣ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ» በያት። ማስመለስ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አውርዶ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የደም ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ያስፈልጋታል። ራሷን ከሳተች ወይም መሞት አማረኝ ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ሕክምናው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለልጆች ቤተሰብ የሚሳተፍበት የንግግር ሕክምና ይቀድማል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በ6 ወር ውስጥ ከ18 እስከ 20 ጊዜ መገናኘትን ይመክራል። ካልሠራ ልጁ ለብቻው ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳ የንግግር ሕክምና) ይከታተላል።

ጥያቄ፦ ከመጠን በላይ የበላች ቀን እራት ትዝለል?

መልስ፦ በፍጹም! ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ሲራብ ቆይቶ ምግብ ሲያገኝ መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ከዚያ ጸጸት ይመጣል፣ ታስመልሳለች፣ ነገ ደግሞ ለማካካስ ትጾማለች፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ሦስት ዋና ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ ትብላ፤ በመሃሉ ከአራት ሰዓት በላይ አይለፍ። ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብረሻት ቆዪ። ግን እንደ ዘበኛ ቆመሽ አይደለም፤ ካርታ ተጫወቱ፣ ፊልም እዩ። ካስመለሰችም ሳትቆጪ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ አቅርቢ።

ጥያቄ፦ መድኃኒትስ?

መልስ፦ በአሜሪካ ለአዋቂዎች ቡሊሚያ ፍሎክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ተፈቅዷል። ለልጆች ግን ሐኪም አመዛዝኖ የሚያዘው እንጂ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፣ ብቻውንም አይበቃም። ቡፕሮፒዮን የሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ግን የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ለቡሊሚያ ታማሚ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ካስመለስኩ በኋላ ጥርሴን ልቦርሽ?

መልስ፦ ወዲያው አትቦርሺ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ብሩሹ ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥመጪ። ለጥርስ ሐኪምሽም ንገሪ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ለመናገር አፈርኩ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወንዶችንም ይይዛል፤ በአንተ አልተጀመረም። በአፍህ ማውጣት ከከበደህ ጽፈህ ለምታምነው አንድ ትልቅ ሰው ስጥ። ሐኪም ጋ ስትደርስ ደግሞ እንደምታስመልስ በግልጽ ተናገር፣ አለበለዚያ ክብደትህን ብቻ አይቶ ደህና ነህ ብሎ ሊሸኝህ ይችላል።