«ትንሽ ደም» ስንት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለማዋለጃ ክፍል ባለሙያዎች

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ስለሚደርሰን ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅሁ ሰባተኛ ወሬ ነው፤ የምሠራውም በማዋለጃ ክፍል ነው። በቅርቡ በሌሊት ተራዬ ያዋለድኳት አንዲት እናት የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ትንሽ ትንሽ ትደማ ነበር። ደሙ ድንገት አልፈሰሰም፤ ጨርቅ ስቀይርላት ይረጥባል፣ ደግሜ ስቀይርላት እንደገና ይረጥባል። ካርዷ ላይ «መጠነኛ ደም» ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷን ማዞር ሲጀምራት የተራው ኃላፊ መጥታ ጨርቆቹን ስትመዝን ከ1100 ሚሊ ሊትር በላይ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ ድናለች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ወሊድ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደሙን እያየሁት እንዴት አላየሁትም? ለዚህ ሙያ አልሆን ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም በሙያው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ በአንድ ሌሊት በአንዲት እናት ካርድ ላይ «ትንሽ ደም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ያንን ገጽ እስከ ዛሬ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ። ስለዚህ ለሙያው ትሆኚ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ትሆኛለሽ። የሰው ዓይን ግን ደም መለካት አይሆንለትም፤ የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸውም ቢሆኑ ይሳሳታሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚሳሳቱት መጠኑን በማሳነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ከ200,000 በላይ በተፈጥሯዊ መንገድ የወለዱ እናቶችን አካቶ ነበር። ደሙ የሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ፕላስቲክ ውስጥ እየተጠራቀመ በተለካባቸው ሆስፒታሎች ከ100 የደም መፍሰስ አደጋዎች 93ቱ ሲታወቁ፣ እንደ ልማዱ በዓይን በተገመተባቸው ግን 51 ብቻ ታውቀዋል። ግማሽ ያህሉ በባለሙያ ዓይን ሥር አልፏል ማለት ነው።

ትንሽ ትንሽ የሚወርድ ደም በአንድ ጊዜ ከሚፈሰው ይልቅ ያታልላል። እያንዳንዱ ጨርቅ ለብቻው ሲታይ አያስደነግጥም፤ የቀደመው ጨርቅ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ተረስቷል። በዚህ ላይ ጤነኛና ወጣት የሆነች እናት ብዙ ደም እስክታጣ ድረስ የደም ግፊቷ ላይወርድ ይችላል። ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምቷ ነው። የልብ ምቷን ቁጥር በላይኛው የደም ግፊት ቁጥር አካፍዪው፤ ምቷ 110፣ ግፊቷ 100 ቢሆን ውጤቱ 1.1 ነው። ከ0.9 በላይ የሆነ ውጤት ስታገኚ፣ እናቲቱ ፈገግ ብላ እያወራችሽም ቢሆን፣ ከአጠገቧ አትራቂ።

ምልክት ያለው ፕላስቲክ በክፍልሽ ከሌለ ሚዛን ይበቃሻል። የደረቀውን ጨርቅ ክብደት አስቀድመሽ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ፤ የረጠበውን ከረጋው ደም ጋር መዝነሽ ልዩነቱን ውሰጂ፤ አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። የሽርት ውሃው ሂሳቡን እንዳያፋልስብሽ ሕፃኑ እንደ ወጣ ከእናቲቱ ሥር ያለውን ጨርቅ አንሥተሽ አዲስ አንጥፊ። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህንን ነው፤ ውሃና ደም ከተቀላቀሉ በኋላ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ብቻ ነው።

እጅሽም መለኪያ ነው። እምብርቷ አካባቢ መዳፍሽን ስታሳርፊ በደንብ የተኮማተረ ማህፀን ክብና ጠንካራ ሆኖ ይሰማሻል። ከላላ፣ ዳሩም ከጠፋብሽ እያሸሽ እርዳታ ጥሪ፤ ፊኛዋንም ተመልከቺ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ጎን ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። በተፈጥሯዊ መንገድ ከወለደች እናት 500 ሚሊ ሊትር ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው፤ 300 ደርሶ የልብ ምቷ ወይም ግፊቷ ከተዛባም 500 እስኪሞላ አይጠበቅም። በጠቀስኩት ጥናት ሕክምናው የሚሰጠው አንዱ ተሞክሮ ሌላው እየተጠበቀ አልነበረም፤ ማህፀኑን ማሸት፣ ኦክሲቶሲንን የመሳሰሉ የሚያኮማትሩ መድኃኒቶች፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ እንዲሁም የተቀደደ ቦታ ወይም የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ መኖሩን መመርመር ሁሉም በአንድነት ይጀመራሉ። ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። «ትንሽ»፣ «መጠነኛ»፣ «ደህና ነው» የሚሉትን ቃላት ከካርድ ላይ አስወጪ። «8፡40፣ 350 ሚሊ ሊትር፣ የልብ ምት 104፣ ማህፀን ላልቷል» ብለሽ ጻፊ፤ እየጻፍሽም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪው። አጠገብሽ ያለች ባልደረባሽ «ትንሽ እየደማች ነው» ስትያት ሥራዋን ትቀጥላለች፤ «350 ደርሷል» ስትያት ግን ዞር ትላለች። የእጅሽ መንቀጥቀጥም የሚረጋው በዚህ ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቂው ነገር ከማታውቂው ያነሰ ያስፈራል። ያቺን ሌሊት ከኃላፊሽ ጋር ተቀምጣችሁ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ብታወሩባት ደግሞ ብቻሽን አትሸከሚያትም።

ጥያቄ፦ በሙያው አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሌሊት ላይ ለተረኛው ሐኪም ደውዬ «የፅንሱ የልብ ምት አላማረኝም» አልኩት። «ምኑ ነው ያላማረሽ?» ብሎ ተቆጥቶ ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ መደወል እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቁጣው ተጠያቂው እሱ ነው፤ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ። ይሁን እንጂ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው «አላማረኝም» ከሚለው ቃል የሚይዘው ነገር እንደሌለም እናስብ። ብዙ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት፣ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሆነ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ የእኔ ግምገማ፣ የምጠይቀው ነገር በዚህ ቅደም ተከተል ይነገራሉ። እንዲህ ይሞክሩት፦

«ከማዋለጃ ክፍል ነው፤ አልጋ 4። ምጡ መጥቶ ሲለቃት የፅንሱ የልብ ምት ወደ 90 ይወርዳል፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ 41 ሳምንት ሞልቷታል፤ የማህፀን በሯ 7 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፤ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ነው። ፅንሱ የተጨነቀ ይመስለኛል። በጎኗ አስተኝቻታለሁ፤ ኦክሲቶሲኑን አቁሜአለሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩዋት እፈልጋለሁ። በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ?»

የፅንስ ጤናማ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን የሚያውቅ ሐኪም 90 ሲባል ማብራሪያ አይጠይቅም። የመጨረሻዋን ጥያቄ ደግሞ አይተዋት፤ «እሺ፣ እመጣለሁ» የሚል መልስ ሰዓት የለውም። የደወሉበትን ሰዓትና የተሰጠዎትን መልስ ይመዝግቡ። ካልመጣ ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር በቀን፣ ሁሉም በተረጋጋበት ሰዓት ተነጋግረው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ወንድ ሚድዋይፍ ነኝ። ፅንሷ በሆዷ ውስጥ እንደሞተ የተነገራት እናት ምጧን የጨረሰችው በእኔ እጅ ነበር። ላጽናናት ብዬ «አይዞሽ፣ ገና ወጣት ነሽ፤ ሌላ ትወልጃለሽ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የቱ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሳብህ ቅን ነበር፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት የምታለቅሰው ለዚህኛው ልጅ ነው፣ አንተ ደግሞ ስለ ሌላ ልጅ ነገርካት። «ልጅሽ በመሞቱ በጣም አዝኛለሁ» በላትና ዝም ብለህ አጠገቧ ተቀመጥ። «ሞተ» የሚለውን ቃል አትሽሽ፤ «ጠፋ»፣ «አልተሳካም» የሚሉት ቃላት ገና ተስፋ ያለ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ሕፃኑን በሕይወት እንደተወለደ ልጅ አድርቀህ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ፤ ልታየው ወይም ልትታቀፈው ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት፤ እምቢ ካለች አታስገድዳት፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ደግመህ ጠይቃት። ስም አውጥታለት ከሆነ በስሙ ጥራው። አልጋዋ ላይ ምልክት አድርግ፤ ተራ የሚቀይሩት ባልደረቦችህ ሳያውቁ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው እንዳይገቡ።

ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ደግሞ ማንም የማይነግራትን ነገር አንተ ንገራት፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡቷ ወተት ይይዛል፣ ያብጣል፣ ያማታል። ደጋፊ የሆነ የጡት መያዣና ቀዝቃዛ ጨርቅ እንደሚያስታግስላት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጡቷ ከቀላ ግን ቶሎ ተመልሳ መምጣት እንዳለባት አስረዳት፤ ወረቀት ላይም ጽፈህ አብሯት ላለው ሰው ስጥ።