ዩራኒየም የገባበት የማዕድን ጉድጓድ ውሃ፦ ቋሚው ማጣሪያ እስኪደርስ

«ቋሚው ማጣሪያ እስኪተከል ከማዕድን ቦታው የምንስበውን ውሃ በከሰል ብናሳልፈው ይበቃል ወይ?» ላልከው፦ አይበቃም። ገንዘብህን ከሰል ላይ አታፍስ። አኒዮን የሚለዋወጥ ሬዚን (ውሃ ውስጥ ያሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች ይዞ የሚያስቀር የፕላስቲክ እንክብል) የተሞሉ ሁለት ታንኮች ተከራይና አንዱን ከሌላው ኋላ ግጠም።

ካርቦኔት ባለበት ውሃ፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ነው) ከ6 እስከ 8 ገደማ ሲሆን፣ ዩራኒየም ከካርቦኔት ጋር ተጣምሮ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሬዚኑ ለቅሞ የሚያስቀረው ይህንኑ ነው።

ከታንኮቹ ፊት የአሸዋ ማጣሪያ አስገባ። ውሃው ብረት ከበዛበት ቀድመህ አየር ንፋበትና ዝገቱ ይዝቀጥ። ያለዚያ ሬዚኑ ቡናማ ጭቃ ለብሶ ይደፈናል።

ናሙና ስትወስድ መጨረሻው ላይ ብቻ አይሁን፤ ከሁለቱ ታንኮች መሃልም ውሰድ። መሃል ላይ ዩራኒየም ብቅ ማለት ሲጀምር የኋላውን ታንክ ወደ ፊት አምጣና ከኋላ አዲስ ግጠም። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። ወደ ወንዝ የምትለቀው ከሆነ ግን ፈቃድህ ላይ ያለውን ቁጥር ተከተል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር፦ ፒኤቹን ሳትለካ አትደር። እኛ ጋ አንዴ አሲዳማ ውሃ ድንገት ገባና ፒኤቹ ከ5.6 በታች ወረደ። ሬዚኑ ለሳምንታት ያጠራቀመውን ዩራኒየም መልሶ ለቀቀው። የሚወጣው ውሃ ከሚገባው የባሰ ሆኖ አገኘነው። አሁን ፒኤች ሲወርድ ፓምፑ በራሱ ይቆማል።

ያገለገለው ሬዚን ሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ስለሆነ፣ ማን እንደሚረከብህ ውሉ ላይ ሳይጻፍ አትፈርም።