ጥያቄና መልስ፦ ስለ በከራ፣ ስለ ፔዳልና ስለማይበስል ሽንብራ

መምህር፦ የብረታ ብረት ሥራ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የስፌት መኪና እጠግናለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ ምኑ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ ንገሩኝ።

የአዘዞው፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከጉድጓድ ውኃ የምናወጣበት በከራ አስገጠምን፤ ድካሙ ግን ያው ነው። ለምን?

መምህር፦ ጥልቀቱን አልነገርከኝም። አሥር ሜትር ነው ልበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ከላይ አግዳሚው ላይ የታሰረ አንድ በከራ ከዚህ ምንም አይቀንስልህም። የሚለውጥልህ አቅጣጫውን ነው፤ ወደ ላይ ከመጎተት ይልቅ ወደ ታች፣ በራስህ ክብደት ትስባለህ። እንዲቀልልህ ከፈለግህ የገመዱን አንድ ጫፍ አግዳሚው ላይ እሰር፤ ሁለተኛ በከራ ደግሞ ከጀሪካኑ ጋር አብሮ እንዲወጣና እንዲወርድ አድርግ። ያን ጊዜ ክብደቱን ሁለት ገመድ ይካፈሉታል፤ ሰበቃውን ትተን አሥር ኪሎ ገደማ ትስባለህ። ግን አሥር ሜትር ለማውጣት ሃያ ሜትር ገመድ ትጎትታለህ። ጉልበት ከቀነሰ መንገድ ይረዝማል።

የማራኪው ልጅ፦ ሞተር ጀነሬተር ያዞራል፣ ጀነሬተሩ መልሶ ሞተሩን ይመግባል፣ ትርፉ መብራት ለቤት። ይሠራል?

መምህር፦ አይሠራም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እንዲህ ያለውን ሐሳብ ከ1775 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልመረምርም ብሏል። እኔም እንደዚያው።

የማራኪው ልጅ፦ በቪዲዮ አምፖሉ ሲበራ አይቻለሁ እኮ!

መምህር፦ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሽቦ አላየህም። ቀጣይ።

የልጆች እናት፦ መተማ ያለችው እህቴ ሽንብራ ቶሎ ታበስላለች፤ የእኔ እሳት ቢጨመርበትም አልበስል ይላል።

መምህር፦ እሳት አይጨምሩ፤ ማገዶ ማባከን ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱ እንፋሎት ያበዛል እንጂ ሙቀት አይጨምርም። መተማ ቆላ ስለሆነ 97 ወይም 98 ይደርሳል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ይህን ያስተካክላል። ብቻ እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን እንዳይነኩ።

የቀሃው፦ የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው በጥንት ጊዜ በምን ፓምፕ ነበር?

መምህር፦ ፓምፕ የለም። ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል፤ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ስለሚል ውኃው ራሱ ይወርዳል።

የአራዳው፦ ያሠሩትም ዐፄ ፋሲል አይደሉም፤ ዐፄ ኢያሱ ናቸው የሚሉ አሉ።

የቀሃው፦ የሚሉማ ምን የማይሉት አለ! ስሙ ራሱ ፋሲል እያለ?

የአራዳው፦ ስም ማስረጃ ከሆነማ...

መምህር፦ ይህን የታሪክ ሰው ጋ ውሰዱት። እኔ የማውቀው ቦዩን ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ መምህር፣ ፔዳሉን ስረግጥ አንዳንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ክሩን ይበጥሳል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አልንቀሳቀስም ይላል።

መምህር፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ፔዳሉ ይወጣል ይወርዳል፤ ትልቁ ጎማ ግን ይዞራል። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው ከፔዳሉ ተነሥቶ ከጎማው መሐል ራቅ ብሎ የተያያዘው ዘንግ ነው። የዘንጉ ጫፍ ልክ ከላይ ወይም ልክ ከታች ሲደርስ የእግርሽ ኃይል የጎማውን መሐል ይገፋል እንጂ አያዞረውም። መኪናው እየሠራ ሳለ ይህን ነጥብ የሚያሻግረው የጎማው ክብደት ነው፤ ከባድ ሆኖ የተሠራውም ለዚህ ነው። ቆሞ ሲነሣ ግን የሚያሻግረው የለም፤ ወደፈለገው ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀኝ እጅሽ የላይኛውን ትንሽ ጎማ ወደ ራስሽ አዙሪ፤ እግርሽ ይከተለው። ቀበቶውን አትያዥ፣ ጣት ይይዛል። የታችኛው ጎማ የላይኛውን አራት እጥፍ ቢሆን በአንድ ዙር አራት ዙር ታገኛለሽ፤ ዋጋው ጉልበት ነው። ጂንስ ስትሰፊ እግርሽ የሚደክመው ለዚህ ነው። ለአዘዞው የነገርኩት ሲገለበጥ ማለት ነው።

ሌላ ሰው፦ መምህር፣ በከራ ክብደት ይቀንሳል?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ሌላ ሰው፦ እሺ፣ የእኔ ማሽንስ ለምን ይጮኻል?

መምህር፦ የምን ማሽን? የወፍጮ? የልብስ ማጠቢያ? አልመልስም።

ልብስ ሰፊዋ፦ አንድ ልጨምር። ከጨርቁ ሥር ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይንጠለጠላል። የታችኛውን ክር ላጥብቀው?

መምህር፦ አይሆንም፤ ሁሉም እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። የእጅ መርፌ ቀዳዳው ጅራቱ ላይ ነው፤ የመኪናው ጫፉ ላይ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው በ1846 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት መኪና እንዲህ ባለ መርፌ ይሠራ ነበር። መርፌው ወርዶ ጥቂት መለስ ሲል ክሩ ቀለበት ይሠራል፤ የታችኛው ክር በዚያ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ የላይኛው ተስቦ ያጠብቀዋል። ቀለበቱ ከሥር ከቀረ የላላው የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንሥተሽ ክሩን እንደገና አስገቢው፤ እግሩ ወርዶ ሳለ የገባ ክር በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል አይቀመጥም። መጀመሪያ ይህን ሞክሪ፤ ብሎኑን የምትነኪው ከዚያ በኋላ ነው።