የማሪጎልድ አበባ፦ የተከላ ርቀትና ጫፍ መቀንጠስ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ በስንት ርቀት ልትከል?

መልስ፦ ረጅሙና ትልልቅ አበባ የሚያወጣው ዓይነት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ለአጭሩ፣ ቁጥቋጦ ለሚሆነው፣ ከ20 እስከ 25 ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አጠጋግቼ ብተክል አበባው አይበዛም?

መልስ፦ ከመደቡ ይበዛል፣ ከእያንዳንዱ ተክል ግን ያንሳል። 30 በ30 ሲተከል በካሬ ሜትር 11 ተክል ይገባል፤ 40 በ40 ከሆነ 6 ያህል። ሲጠጋጋ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል። በመሃል አየር ስለማይዘዋወር ቅጠሉና አበባው ቶሎ አይደርቅም፤ ሻጋታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አበባውን ለቅሞ ለመጠቀም ከሆነ መጠጋጋት ያዋጣል፤ ለጌጥ ከሆነ ማራራቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጫፉን መቼና እንዴት ልቀንጥስ?

መልስ፦ ችግኙ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስና 3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል ሲይዝ። የላይኛውን ለጋ ጫፍ ብቻ፣ ልክ ከቅጠሎቹ ጥንድ በላይ፣ በጥፍር ይቁረጡት። ጫፉ የሚያመነጨው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን የጎን ቡቃያዎችን አፍኖ ይይዛል፤ ጫፉ ሲሄድ በየቅጠሉ ብብት ያሉት ይነቃሉ። በተከሉበት ዕለት ግን አይቀንጥሱ፤ ሥሩ እስኪይዝና አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቀንጥሼው አበባው ዘገየ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። ሁለት ሳምንት ያህል መዘግየት የሚጠበቅ ነው። አበባውም በቁጥር ይበዛል፣ በመጠን ያንሳል። በተወሰነ ቀን እንዲያብብ የሚፈልጉ ከሆነ መዝሪያውን በዚያው ልክ ያስቀድሙ። እምቡጥ ከያዘ በኋላ መቀንጠስ ግን የተዘጋጀውን አበባ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ አጭሩም ይቀነጠሳል?

መልስ፦ አያስፈልገውም፣ በራሱ ቅርንጫፍ ያበዛል። የመጀመሪያውን እምቡጥ ብቻ ቢያነሱለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቀንጥሼም አራርቄም ቅጠል ብቻ ሆነብኝ።

መልስ፦ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ወይም ጥላ ይሆናል። ዩሪያ እየጨመሩ ከሆነ ያቁሙ፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘቱንም ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የቀነጠስኩት ቅርንጫፉ በዝናብ ይገነጠላል።

መልስ፦ የተቀነጠሰ ተክል ወደ ጎን ስለሚሰፋ 45ቱን ርቀት ይስጡት። ውኃ የጠጣ ትልቅ አበባ ከባድ ነው፤ ረጅሙን ከመስፋቱ በፊት በእንጨት ይደግፉት፣ ውኃም ከሥሩ እንጂ ከላይ አያፍስሱ።